ድንጋይ የተጫነበት ጣውላ

ውድ ኢስቤል፣

እኛ ጋ ኤድንብራ ጣውላ ከመጋዘን ይገዛል፤ እዚህ ኦርክኒ፣ አክስቴ የምትኖርበት ደሴት ላይ፣ ዛፍ ስለሌለ ባሕሩ እስኪሰጥ ይጠበቃል። ሰሞኑን ማዕበሉ የሰመጠ መርከብ ጣውላ ዳርቻው ላይ ከምሮ ሄደ። ልማዱን ነግሬሻለሁ፤ ጣውላውን ውሃ ከማይደርስበት ጎትቶ ድንጋይ የጫነበት ሰው ባለቤት ነው፣ ማንም አይነካበትም። ከወደብ የመጣው ሹም ግን «የመርከቡ ባለቤት ንብረት ነው፣ ይመለስ!» አለ። ጎረቤታችን ማግነስ «እንግዲያው ባሕሩን ይክሰሱት!» ብሎ አሳቀን።

ሳቃችን ሳያበቃ ከክምሩ ሥር የአንድ መርከበኛ አስከሬን ተገኘ። ልጅ እግር ነው። ፖሊስ ቢያፈላልግም የኔ ነው የሚል ጠፋ። ማግነስ ለጣሪያው ካስቀመጠው ጣውላ ላይ ድንጋዩን አነሳና «ሣጥኑ ከዚህ ይሠራ» አለ። ሌሎቹም እየመጡ ድንጋያቸውን አነሱ። ሹሙም ጣውላውን አብሮ ተሸከመ።

ዛሬ ቀበርነው። ቄሱ ስሙ ጋ ሲደርሱ «ይህ ልጅ» ብለው አለፉ። አክስቴ ሮቢና ጎንበስ ብላ ከዳርቻው ያመጣችውን ድንጋይ አፈሩ ላይ ጫነች።

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» አላት ሹሙ ቀስ ብሎ።

«ሰው አለው ማለት ነው» አለችው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ወንድምሽም ከባሕር ሲመለስ ጥብቅ አድርገሽ እቀፊልኝ።

ያንቺው ዴቪ