ከቀለሙ ሥር የተገኘው ቁጥር

ኅዳር 7 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ጊንጆ

ቀበሌው «ቁጥሩ ያልተመዘገበ ማሽን ይወረሳል» ስላለ፣ የልጄ ባል ከድር ከሰኮሩ ገዝቶ ያመጣውን አሮጌ የእንጨት መክተፊያ ማሽን ጠዋቱን ሙሉ ሲፍቅ አረፈደ። ቁጥሩን ግን አላገኘም። እኔ ከቢላው ክዳን ሥር፣ ቀለም ለብሶ፣ በጣቴ ዳብሼ አግኝቼው ነበር። አልነገርኩትም።

«ሆዱ ሥር ገብተህ ፈልግ። ለልጄ የሰጠኋት ባል ዓይን የለውም እንዴ?»

«አባባ፣ ካዩት በአላህ ይንገሩኝ» አለኝ፤ ፊቱ ግራሶ በግራሶ ሆኖ።

የቀበሌው መዝጋቢ ሲመጣ ልታይ ልታይ አለኝና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከያዘው ወረቀት ጋር አስተያየና «ይሄ ከመንግሥት የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ የተሰረቀው ነው» አለ። ከድርን ይዘውት ሄዱ።

ልጄ ስታለቅስ ዋለች። አሁን ገና አናገረችኝ።

«ዝም ቢሉ ኖሮ የሚሄደው ማሽኑ ብቻ ነበር።»