ከሌላ ዐለት የመጣው ቅርንጫፍ

ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናት፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ቱምካ በስልክ «እማዬ አሁን ያለ ምርኩዝ ደጅ ትወጣለች» ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እዚህ ከብቶቹ ደህና ናቸው፤ ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። የማብሰያ ቤቱ ጣራ በባሕሩ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል፤ ሣር አጭጄ እስካለብሰው ባልዲ ደቅኜበታለሁ። እኔም እበላለሁ፣ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልዎ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ደብዳቤ ቱምካ እንዳታነብልዎ። መነጽርዎን አድርገው ለብቻዎ ያንብቡት።

«ልጄ በደህና ቤቱ ገባ ወይ? ፍየሉስ ጮኸ ወይ?» ብለው ልከውብኛል። አጎት ፊኪሌ «ሁሉም አምሯል» እንዳሉዎት አውቃለሁ። አምሮ ነበር፣ አላስተባብልም። የማሽላው ጠላ ለመንደሩ ሁሉ ተዳርሷል፤ የበቆሎው ንፍሮም ተርፎ ልጆች በማግስቱ በልተውታል። ፍየሉ ግን አልጮኸም። ጦሩ ሲነካው ቀና ብሎ ሰዎቹን አያቸው እንጂ ድምፅ አላወጣም። ደግመው ወጉት፤ ዝም። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አንዱ «ጉንፋን ይዞት ይሆናል» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። ጎረቤታችን ኖዊንዲ እኔ ወዳለሁበት ጎጆ ገብታ «እንደ ዓሣ ነው የሞተው፣ እህቴ፤ አባቶች አልሰሙም» ብላ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። እኔን አልገረመኝም። ልጅዎ ሳይመጣ አባቶች ምኑን ይሰማሉ?

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ሉዙኮን ያስታውሱታል፤ ያ ሲናገር እጁ ዝም የማይል የኖዊንዲ የወንድም ልጅ። ልጅዎ ካለፈ ወዲህ ጎብኚዎቹን በገደሉ ጫፍ እየመራ የሚሄደው እሱ ነው። ድሮ ልጅዎ ከፊት ሆኖ መንገዱን በበትሩ እየፈተነ ስለ ወፉና ስለ ዛጎሉ ያስረዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኋላ የደከመውን እየሰበሰብኩ ስለ ተሰበሩት መርከቦች፣ እዚሁ ቀርተው ዘመድ ስለ ሆኑን ሰዎች እተርክ ነበር። ሉዙኮ አሁን ሁለቱንም ብቻውን ያደርጋል። መስኮት የምንለው ቀዳዳ ዐለት ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሯል። ኮፍያውን ያወልቅና «ቦናኬሌ የማያውቀውን ሰው ለማዳን ነፍሱን የሰጠው እዚህ ነው» ይላል። ጎብኚዎቹ ያለቅሳሉ። መንገደኛ እንደሚያደርገው እያንዳንዳቸው ድንጋይ አንስተው ክምሩ ላይ ያኖራሉ፤ ክምሩ አሁን ወገቤ ይደርሳል። ጎብኚዎቹ የሚያርፉበት ሎጅም ስሙን በነሐስ አስቀርጾ ዐለቱ ላይ አስመትቶለታል።

አንድ ቀን ከቁጥቋጦ ኋላ ቆሜ አዳመጥኩት። አሳምሮ ነው የሚተርከው። እኔም አለቀስኩ፤ እንደዚያ የሞተ ባል በኖረኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

መስኮት ጋ የሆነው ነገር እውነት ነው፤ ግን የሌላ ቀን ነው። ልጅዎ ከማለፉ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ወፍራም ጎብኚ ፎቶ ላንሳ ብሎ ወርዶ ማዕበል ሲመጣበት፣ ልጅዎ በኮሌታው ጎትቶ አወጣው። «አባቴ፣ ለባሕር ጀርባ አይሰጥም፤ ባለጌ ነው» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሕሩ የሰውየውን ኮፍያ ብቻ ወሰደ። ሁለቱን ቀን ማን አንድ ላይ እንደ ሰፋቸው አላውቅም። ማንም ልዋሽ ብሎ የተነሳ አይመስለኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዱ ለአንዱ ሲያቀብለው እርስዎ ያሉበት ደርባን ደረሰ። እርስዎ በስልክ «ልጄ ሰው አድኖ ነው የሞተ» ብለው ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ልቅሶዎ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ያን ቀን ጎብኚ አልነበረም፣ እናቴ። ሲዘንብ አድሮ ሎጁ ጉዞውን ሰርዞት ነበር።

ያን ክረምት ሙሉ ልጅዎ «ደክሞኛል» ይል ነበር። ተኝቶ ይነሳል፤ «ደክሞኛል» ይላል። ምን እንዳደከመው ስጠይቀው «ምንም» ይለኛል። ጎብኚ ፊት ሲቆም ያስቃቸው ነበር፤ ቤት ሲገባ ግን ለእኔ የሚተርፍ ሳቅ አልነበረውም። በዚያ ዝናብ ሻዩን ቆሞ ጠጣና «ውሃው ወርዶ እንደሆነ አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። የባሕሩን መውጣትና መውረድ ከአልጋው ሳይነሳ የሚያውቅ ሰው ነው። ሲቆይብኝ ፍለጋ ወጣሁ። የደረስኩት መስኮት ጋ አይደለም፤ ከወንዙ አፍ ወዲያ፣ ጎብኚ ወስደን የማናውቅበት፣ ባሕሩ ገብቶ የሚያገሳበት ስንጥቅ ጋ ነው። ያገኘሁትም እሱን አይደለም። ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ካልሲዎቹን አጥፎ ውስጡ ከቷቸዋል። የዝናብ ልብሱን አጣጥፎ፣ ፊሽካውን ከላዩ አድርጎ፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበታል። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እርስዎ እናት ነዎት።

እንግዲህ አጎት ፊኪሌ «ልጁ ባሕሩ ዳር እስከ መቼ ይቆማል? የቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ከሞተበት ቦታ መንፈሱን አሳርፌበት ቤቱ ላምጣው» ያሉ ለት፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል አማረኝ። ጥቁር የለበሰች ሴት ሽማግሌ ፊት ቆማ አትናገርምና በኖዊንዲ «ቦታው ስንጥቁ ነው፣ መስኮት አይደለም» ብዬ ላክሁባቸው። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። አጎት ፊኪሌ «ሐዘን ራሷን አዙሯታል በያት» ብለዋታል። «አገር የሚያውቀውን፣ ፈረንጅ ሳይቀር መጥቶ የሚያለቅስበትን ቦታ ትታ ስንጥቅ ትለኛለች። እሺ፣ ስንጥቁ ጋ ምን ሊሠራ ሄደ? ይህን ትመልስልኝና እሄዳለሁ።»

ኖዊንዲ «ምን ልበላቸው?» ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ብመልስ የልጅዎን ስም አገር ይቀባበለዋል፤ ባልመልስ እዚያው ይቀራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። «ምንም አትበያቸው» አልኳት።

ቀኑ ደርሶ ሊያመጡት ሲሄዱ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ነውር ይሁን ምንም ይሁን ብዬ ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ከስንጥቁ የሚመጣ ሰው በወንዙ በኩል ነው የሚመጣው፤ እነሱ በሣሩ ሜዳ፣ ከመስኮት መጡ። አጎት ፊኪሌ ቅርንጫፉን እንደ ሕፃን ታቅፈው «አሁን አጥር አለ፣ ልጄ፣ ዝቅ በል። እዚህ ጭቃ ነው፣ በዚህ በኩል ዙር» እያሉ ለእሱ ብቻ ያወሩ ነበር። ቅርንጫፍ የያዘ ሰው ቤት እስኪገባ ለሌላ ሰው ቃል እንደማይተነፍስ ያውቃሉ። እኔ ግን ፊታቸው ቆሜ «አጎቴ፣ ከየት ነው የሚያመጡት?» አልኳቸው። ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ የሚወዱት ልጅ ነበር። ከዚያ ወደ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብለው «ሚስትህ ናት፣ ልጄ፣ አትደንግጥ። እንለፍ» አሉትና በጎኔ አለፉ። ቅርንጫፉን ትክ ብዬ አየሁት። ቅጠል ነበረው፣ እሾህ ነበረው። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ከግብዣው በኋላ ሉዙኮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የፍየሉ ነገር አሳስቦታል መሰለኝ «አክስቴ፣ እኔ የሰማሁትን ነው የማወራው። የተሳሳትኩት ካለ ንገሪኝና አስተካክላለሁ» አለኝ። «ቀጥልበት፣ ያምርብሃል» አልኩት። ምን ልበለው?

አሁን ቅርንጫፉ አባቶች በሚያርፉበት በረት ውስጥ ነው። አጎት ፊኪሌ በየጠዋቱ እየመጡ ሰላም ይሉታል። እኔ ደግሞ ባሕሩ ሲያገሳ እሰማለሁ። እሳት ስሞቅ እሱ ርሶ ቆሟል እላለሁ፤ ስጎርስ እሱ አልቀመሰም እላለሁ። ከአባቱ ጎን አልተቀመጠም፤ ስሙን ብንጠራው የሚሰማ የለም። ራሴ ቅርንጫፍ ቆርጬ ስንጥቁ ድረስ ሄጄ ነበር። የደም ዘመዱ አይደለሁም፣ ጥቁር ለባሽም ነኝ፤ ብጠራው ብጠራው እጄ ላይ እንጨት ሆኖ ቀረ። እዚያው ጥዬው ተመለስኩ። አንጀቴ አልቋል፣ እናቴ። ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት ሌላው ሰው ላይ ሲነገር እሰማው ነበር፤ አሁን ምን እንደሆነ አወቅሁት።

አንድ ጊዜ መጥቷል የተባለን ሰው ሁለተኛ ሊያመጡት አይሄዱም፤ ራሱ በሕልም ተገልጦ ካላማረረ በቀር። ኖዊንዲ ይህንኑ ነገር አስታካ አጎት ፊኪሌን ጠይቃቸው ነበር። «የሚስት ሕልም ናፍቆት ነው፤ የእናት ሕልም ግን ትእዛዝ ነው። እናቱ እዚህ ቦታ አየሁት ካለች ነገውኑ ሌላ ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፤ ለምን እንዴት ብዬ አልጠይቃትም» አሏት። አይጠይቁዎትም ማለት ነው። ሉዙኮም ይተርካል፣ ነሐሱም ዐለቱ ላይ ይቀራል፣ ጎብኚውም ድንጋዩን ያኖራል። ያ ሰው አድኖ የሞተው ልጅ ለአገሩ ሁሉ ይቀራል። ከእርስዎ ብቻ ነው የወሰድኩት። ከሁለቱ የትኛውን ልጅዎን እንደሚያስቀሩ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ ይህን ወረቀት ቀድደው ቢጥሉትም አልቀየምዎትም።

ሕልም በትእዛዝ አይመጣም፤ አውቃለሁ። ካለሙት ግን እዚያ ያልሙልኝ፤ ከወንዙ አፍ ወዲያ፣ ሁለት እሬት ጎን ለጎን ከበቀሉበት ገደል ሥር።

የአባቶች ጥላ አይለይዎት። ምድር ለእግርዎ ትለስልስ፤ እንቅልፍዎም ጥልቅ ይሁን።

ጥቁሯን ያላወለቀች ምራትዎ