«4ጂ ብቻ»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። ማታ 1 ሰዓት
ዛሬም ሱቅ፣ ዛሬም ሲም መቀየር። አዲሱ ኔትወርክ ሽሮሜዳ ገባ ከተባለ ወዲህ ሰዉ ሁሉ የድሮ ሲሙን ይዞ ይመጣል። ጣቴ ደንዝዟል። ማስታወሻዬ፣ ትንሽ ጉራ ልንዛብህ፦ በግቢያችን እኔ መሐንዲስ ነኝ። አከራዬ ጋሽ አንጁሎ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ጨንቻ ያለችው ልጃቸው በቪዲዮ ስትደውል ምስሉ ቀጥ ይላል። ሸማኔ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት ስልኩን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ነው። የኔትወርክ ምርጫውን «4ጂ ብቻ» ላይ ቆለፍኩት። ወዲያው ፈጠነ። መረቁኝ። ደስ አለኝ በቃ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ጋሽ አ. ነጠላ ሰጡኝ። ስልኩን ስላስተካከልኩላቸው፣ በእጃቸው የሠሩት። ጥለቱ አንድ ቦታ ላይ ተዛንፏል። አይታያቸውም፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ሆስፒታሉ ለዓይናቸው ቀዶ ጥገና ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን ካላቸው ስምንት ወር ሆነ። ዘገየ ብለው ይጨነቃሉ። ይደውላሉ፣ አይዞዎት አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ሱቅ፣ ምሳ ሰዓት
አንድ ደንበኛ መጣ። ኢንተርኔቱ ይበራል፣ ግን ማንም ደውሎ አያገኘኝም አለ። አለቃዬ ከድር ከፍቶ አየና ሳቀ። «4ጂ ብቻ» ላይ ተቆልፏል። እንዲህ ዓይነት ስልክ ተራ ጥሪ የሚቀበለው በድሮው ኔትወርክ ነው፤ ሲቆለፍ ጥሪ አይገባም።
ጋሽ አንጁሎ! አሥራ አምስት ቀን ሙሉ። ልጃቸው የምትደውለው በኢንተርኔት ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። ምሳዬ እንዳለ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ 12፡30
ስልክዎን ልጥረግልዎት ብዬ ተቀበልኩና መለስኩት ወደ ነበረበት። እንደ ሌባ። መስታወቱንም ጠርጌ ሰጠኋቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
ጋሽ አ. ከባለቤታቸው ጋር ሆስፒታል ሄደው ጠየቁ። ሁለት ቀን ደውለንልዎት ነበር፣ ስልክዎ አይሠራም፣ ተራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሰው ከቀረ እንደውላለን ተባሉ። ባለቤታቸው ተቆጧቸው። እሳቸውም፣ ዓይኔ ስለማያይ የሆነ ነገር ነክቼበት ነው አሉ። እኔ? በረንዳው ላይ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ፈሪ። ራሴን ጠላሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ማታ 1 ሰዓት
ከትናንት በስቲያ ጀምረው ስልኩን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚሸምኑት። ጥሪ መግባቱን ለማረጋገጥ ጠዋት ከሱቁ ስልክ ደወልኩ። ገና ከመጥራቱ አነሱት። «አቤት! አንጁሎ ነኝ! አሁኑኑ እመጣለሁ!» ደንግጬ ዘጋሁት።
ማታ ስገባ ሰማሁ። ሆስፒታሉ ደውሎ ተቋረጠ ብለው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ በታክሲ ሄደዋል። የደወለልዎት የለም ቢባሉም አላመኑም። እስኪመሽ በር ላይ ቆመው ተመለሱ። ይህም የእኔ ሥራ ነው። አንዱ አልበቃኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ጠዋት 1፡30
ከድርን አስፈቅጃለሁ። ዛሬ ሱቅ የለም። ሆስፒታል አብሬያቸው ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ተራውን ይመልሱላቸው አይመልሱላቸው አላውቅም። መጀመሪያ ግን ለራሳቸው መንገር አለብኝ። ፊታቸውን ማየት ፈርቼ በስልክ ልንገራቸው ብዬ ነበር። ቁጥራቸውን አወጣሁና ተውኩት። ያን «እመጣለሁ» ደግሜ መስማት አልችልም።
ከግድግዳው ወዲያ መወርወሪያቸው ይሰማኛል። ጀምረዋል። ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ የተዛነፈው በኩል ወደ ፊት ነው። ስገባ የምለውን እዚህ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ፦ ጋሽዬ፣ ጥፋቱ የዓይንዎ አይደለም። ያን ማክሰኞ ስልክዎን ሲሰጡኝ እኔ