ሳቄ በራዲዮ

ኦክቶበር 3፣ 2006
ዝናብ። ታክሲዋን ከቡርሃን ተረከብኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ፎርት ስኔሊንግ፣ የሚኒያፖሊስ ኤርፖርት የታክሲ ተራ መጠበቂያ ላይ። ሌሊቱን እሱ፣ ቀኑን እኔ። የወሎ ሰው ጽዳት ይወዳል፣ ወንበሯ አቧራ አያውቅም።

ራዲዮውን ወደ ጣቢያዬ መለስኩ። የጠዋቱ ሰውዬ ስለ ታክስ ያወራል። ሠርቶ የሚያድረውን ገፍፈው ለተኛው... እውነቱን ነው። ፈነት "ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ የልቤን ይናገርልኛል።

ኦክቶበር 19
ቡርሃን ወይን የያዘች ሴትዮ አልጭንም ብሎ ሌሊት በኤርፖርቱ ደንብ ተራው ኋላ ተመልሶ ተሰለፈ።
"ሪፊውዝ ያደረግሁት ጠርሙሱን ነው እንጂ እሷን አይደለም" አለኝ።
"እኔም ጴንጤ ነኝ፣ አልጠጣም። ግን እጭናለሁ። ታክሲ የሕዝብ ነው፣ ነገ አንዱ ተነስቶ አንተን አልጭንም ቢልህስ?"
"ነገሪ፣ ገና ሳይነጋ አትጀምረኝ።"
ተሳሳቅን። ሻይ ጋበዘኝ። ይህ ክርክራችን መቼም አያልቅም።

ኖቬምበር 8
ትናንት መረጥኩ። ዜጋ ከሆንኩ የመጀመሪያዬ። የመረጥኩት ፓርቲ አገረ ገዢ ለጥቂት ተረፈ፣ ኮንግረሱ ግን ከእጃችን ወጣ። ራዲዮው ለቅሶ ቤት ሆኗል። ከሚኒያፖሊስ የተመረጠው ሰው ሙስሊም ነው እያሉ አድማጮች ይደውላሉ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው። ስለ ታክስ የሚያነሳ ጠፋ...

ኖቬምበር 14
ደወልኩ። ራዲዮው ላይ ጠርሙስ የያዘ አልጭንም ስለሚሉት ሙስሊም ሹፌሮች እያወሩ ነበር። ስም ሲሉኝ "ኒክ፣ ከፍሮግታውን" አልኩ። ሰፈሬስ እውነት ነው፣ ለምን ኒክ እንዳልኩ ግን እንጃ። እኔም የኤርፖርት ሹፌር ነኝ፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ ፈቃድ ያወጣ ሰው ተሳፋሪ አይመርጥም አልኩ። ሰውዬው ደስ አለው። "ከመካከላቸው አንድ ጤነኛ ተገኘ" አለ። ከዚያ ስለ እነዚህ ሹፌሮችና ስለ ግመሎቻቸው ቀለደ። ስቱዲዮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ዝም ይባላል እንዴ? ይሉኝታ አለ።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነዳሁ።

ኖቬምበር 20
ፕሮግራሙ ሲጀምር ቀድተው ያስቀሩት የሰውዬው ቀልድ፣ ቀጥሎ የእኔ ሳቅ። ስለ ሕግ ያልኩትስ? ቆርጠው ጥለውታል።
ፈነት ወጥ ቤት ሆና ሰማች። "የማን ሳቅ ነው?"
"እኔ ምን አውቄ?"
ወጡን ማማሰሏን ትታ አየችኝ። ሳቄን ሳታውቀው ቀርታ ነው?

ኖቬምበር 29
ዛሬም። በየጠዋቱ ያጫውቱታል።

ዲሴምበር 6
ሰውዬው አድማጮቹን "ጠርሙስ ይዛችሁ ኤርፖርት ሂዱና እነዚያን ሹፌሮች ፈትኗቸው" አላቸው። ለጨዋታ ነው መቼም... ማን ሥራ ፈቶ ይሄዳል?

ዲሴምበር 11
እየመጡ ነው። ሻንጣ የላቸውም። ጠርሙሱን በመስኮቴ በኩል ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። ግቡ ስላቸው ቅር ይላቸዋል። የሚሄዱበት የላቸውማ።

ጃንዋሪ 9
ታክሲዋ ቢራ ቢራ ትሸታለች። ቡርሃን የኋላ ወንበሩን በጨርቅ ይጠርጋል። ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው መስገጃ ረጥቦ እንዲደርቅ በሩ ላይ ተሰጥቷል።
"ሁለት ጎረምሶች ናቸው" አለ። "ጠርሙሱን ደብቀው ገቡ። ዌስት ሴንት ፖል ድሮፕ ሳደርጋቸው ከፍተው ደፉት።"
"ፖሊስ ጠራህ?"
"ምን ልበል? ቢራ ፈሰሰብኝ?" ጨርቁን እየጨመቀ "ያን የራዲዮውን ሳቅ እያስመሰሉ ነበር የሚስቁት" አለ።

አፈርኩ። ጨርቁን ተቀብዬ መጥረግ ጀመርኩ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ጃንዋሪ 10
ጣቢያው ደወልኩ። ስልክ የምታነሳዋን ልጅ "ኒክ ነኝ፣ ይሄ ፈተና ይቁም፣ ሰው እየተጎዳ ነው" አልኳት። ጠብቅ አለችኝ። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

ፌብሩዋሪ 2
ቡርሃን ቁልፉን መለሰልኝ። ሹፌርነቱን ትቶ ፋብሪካ ሊገባ ነው።
"ራዲዮ ላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ" አልኩት። በመጨረሻ ወጣልኝ።
"አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁህ።"
"ያልኩትን ሰምተሃል?"
"ሁሉንም። ፊት ለፊቴ የምትለውን ነው ያልከው፣ እሱ አልከፋኝም። ሳቅህ ግን... ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁህ፣ ነገሪ።"
ጨበጠኝና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሳቤ አሁንም ያው ነው። ተሳፋሪ አይመረጥም። ታክስም በዝቷል። ታዲያ ይህን ይዤ ተነስቼ እንዴት እነዚያ ሰዎች መሀል ተገኘሁ?

ፌብሩዋሪ 5
ፊት የሚልጥ ብርድ። ራዲዮውን አልከፈትኩም። ባለ ከረባት ሰውዬ ጫንኩ፣ ሻንጣ ያለው፣ እውነተኛ መንገደኛ። ጨዋ ይመስላል። መንገድ ላይ ያንኑ የግመል ቀልድ አመጣው። ነገረኝና ሳቄን ጠበቀ።

ሳቁ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልሳቅሁም።

"ከየት ነህ?" አለኝ።
"ከፍሮግታውን።"
"እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።"

መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። ሲወርድ በሩን ከፍቶ ቆመ፣ ብርዱ እየገባ። የታክሲዋን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ስልኩን አወጣ፣ ለኤርፖርቱ ሊከሰኝ።