የደስታው መጽሐፍ እርማት

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንዴት ከረምክ? ያ ደረትህን ሰቅዞ የሚይዝህ ሕመም ተወህ? እኛ እንደ ነገሩ ነን። እኔ ያው እንደምታውቀኝ ሦስት እርሳስ ቀርጬ አንዱንም ሳልጨርስ እጥላለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ስለ ደስታ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ለእርማት ሰጥቶኛል። አንዱ ምዕራፍ ሰው ደስ ካለው በቃ፣ ከየትም ይምጣ ይላል። ቀጣዩ ደግሞ የለም፣ በውሸት ላይ የቆመ ደስታ ኑሮን መልካም አያደርግም ይላል። አንተ ከሁለተኛው ጋር ወግነህ እንደምታደርቀኝ አውቃለሁ። እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ ግን አታውቅም፤ የጻፍኩልህም እሱን ልናዘዝ ነው።

አሁን የሚያነብልኝ የለም። አንተ ረቂቁን ጮክ ብለህ ስታነብ፣ እኔ የታተመውን በእርሳስ ስከተል፣ «ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ» ሳትል አታልፍም ነበር። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ እነዚህ ልጆች ሲጣሉም አራት ነጥብ ሳይሉ አያበቁም ትለን ነበር።

አንተን በቀበርን በሰባተኛው ወር ጀመራት። ከሰዓት በኋላ የባዶው ክፍልህ በር ላይ ወንበር ታስቀምጥና ታዳምጣለች። «እያነበበልሽ ነው፤ ምነው አትከታተዪውም?» ትለኛለች። ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን የሰማችውን ነጥቡን ሁሉ እየጠራች ደገመችልኝ። ዓረፍተ ነገሩን ከሁለት ቀን በኋላ፣ ያኔ ገና ካልፈታሁት የማተሚያ ቤቱ ጥቅል ውስጥ አገኘሁት። እማዬ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም።

ሐኪሙ ክኒን አዘዘላት። ድምፁ ይጠፋላታል፣ ግን የልጇን ሞት እንደ አዲስ ትረዳለች አለኝ። ሳምንት ሙሉ ክኒኑን ይዤ ዞርኩ።

ያኔ አንተ ስትታመም የምርመራህን ውጤት ለእኔ ነበር የነገሩኝ። እንዳትደብቂኝ ብለህ አስምለኸኝ ነበር። እኔ ግን ቀላል ነገር ነው፣ ትድናለህ አልኩህ። ለከርሞ ስታቅድ፣ አዲስ ጫማ ስትገዛ ዝም ብዬ አየሁህ። ደስ ብሎህ ሞትክ። ደስታውን የሠራሁልህ ግን እኔ ነበርኩ። ይቅር በለኝ።

እማዬን ግን አላታልልም ብዬ ክኒኑን ሰጠኋት። ሳምንት ሳይሞላት ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። ልጄ የለም አይደል አለችኝ፤ የለም አልኳት። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አይዞርም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ሳርም ድምፅህን ከክፍልህ ሰማሁ። እማዬን ይሰማሻል ወይ ብላት ምኑ አለችኝ። አንተ እንደ ልማድህ ገጽ ከመግለጥህ በፊት እየሳልክ ቀጠልክ። የታተመው ላይ አንድ መስመር ተዘሎ ነበር፤ አንተ ግን አነበብከው። «ተታሎ ደስ ብሎት የሞተ ሰው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ደህና ኖረ አይባልም፣ አራት ነጥብ።» ረቂቁን ገልጬ ባመሳክር ቃል በቃል ያው ነው። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ዝም አልክ፤ ድሮ ቀጥል እስክልህ እንደምትጠብቀኝ።

ከእማዬ የተረፈ ክኒን አለ። ለእኔም ሳይሠራ አይቀርም። መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበትና ወንበሩን በርህ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ቀጥል አልኩህ።

አፈሩ ይቅለልህ ልልህ ነበር። ግን እባክህ፣ ነገም ና።

የምትናፍቅህ
እህትህ