የቁምሳጥኑ ጆሮ

ኅዳር 3

ጠዋት ከወጥ ቤት፣ "እማዬ፣ ዘይቱ አልቋል!" አልኩ።

እማዬ ከሳሎን፣ "ውይ በሞትኩት! የማን ዘመድ?"

"ዘይት! ዘይት!"

"እኮ መቼ አረፉ?"

ባዶ ጠርሙሱን ይዤ ሄጄ አሳየኋት። እፎይ አለች። ከዚያ ተቆጣች። "እናንተ ልጆች አፋችሁን ከፍታችሁ አታወሩም። ታጉተመትማላችሁ።" ሁልጊዜ ይሄው ነው። እሷ ጆሮዋ አልደከመም፤ እኛ ነን የምናጉተመትመው። እኔ፣ ወንድሜ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ዜና አንባቢው... ሁላችንም። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ያዝኩላት። ሦስቱንም ቀን ጉልበቷን አመማት።

ከሰዓት ማተሚያ ቤት እርማት ላይ ተደፍቼ ሳለ አሳታሚዋ ደወለች። በስልኬ ቀድቼ የላክሁላትን ንባብ ሰምታዋለች። "ድምፅሽን ወድጄዋለሁ። ግን በርሜል ውስጥ ገብተሽ ነው የምታነቢው?" የወንጀል ልብ ወለድ ነው፤ በድምፅ ሊወጣ። ደህና ማይክ ገዝቼ፣ እቤቴ ቀድቼ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላደረስኩ ለሌላ አንባቢ ትሰጠዋለች።

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ኖርኩ። አንድ ጊዜ እንኳ የራሴ ድምፅ ቢሰማ ምናለ? ግን ማይክ ከየት ይጀመራል?

ኅዳር 5

የድምፅ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ በልቤ "ሹክሹክታ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ሁለት ማይክ አስቀመጠልኝ። አንዱ መድረክ ላይ ዘፋኞች የሚይዙት ዓይነት። ሌላው ወፈር ያለ፣ ግርማ ያለው፣ ኮንደንሰር የሚባለው።

"ይሄኛው" አለ የዘፋኞቹን እያሳየ፣ "አፍሽን አስጠግተሽ የነገርሽውን ይሰማል። ኮንደንሰሩ ያልነገርሽውንም ይሰማል።"

በሁለቱም አንብቤ በሄድፎን አዳመጥኩ። በኮንደንሰሩ ድምፄ... እንዴት ልበል? ጆሮዬ ሥር ቁጭ ብዬ ለራሴ የማወራ ነው የመሰለኝ። ትንፋሼ ሳይቀር።

"ቤትሽ ጸጥ ያለ ነው? ካልሆነ የመጀመሪያው ይሻልሻል።"

"ጸጥ ያለ ነው" አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ! ዘይት ባለቀ ቁጥር ለቅሶ የሚጠራበት ቤት። ኮንደንሰሩን ከኮምፒውተር ከምታገናኘው ትንሽ ሳጥንና ከረጅም ገመዱ ጋር ወሰድኩ።

እቤት ሰካሁት። ጭጭ። ግማሽ ሰዓት ሹክሹክታን በልቤ ስራገም ቆየሁ። ለካ በገመዱ በኩል ኤሌክትሪክ ካልሄደለት አይሠራም፤ ሳጥኗ ላይ "48" የሚል ቁልፍ አለ። ተጫንኩት፤ ቀይ መብራት በራ። አሁንም ድምፄ ሩቅ ነው። ለካ ይሄኛው ጫፉ ላይ አይወራበትም፤ በጎኑ ነው። እኔ አናቱ ላይ ስጮህ ነበር።

ኅዳር 8

እውነትም ያልነገሩትን ይሰማል። ፍሪጁን፣ የጎረቤትን ነጠላ ጫማ፣ የራሴን ሆድ።

ቁምሳጥኑን ከፍቼ ልብሶቹ መሀል አስገባሁት። ከኋላዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። በርሜሉ ጠፋ! ቀጥሎ ደግሞ ፖሊሱ። መጽሐፉ ውስጥ "ፖሊስ" ባልኩ ቁጥር ቦምብ ይፈነዳል፤ "ፖ" ስል የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል። የልብስ መስቀያ ሽቦ አጉብጬ አሮጌ ስቶኪንግ ወጠርኩበትና ከፊቱ አቆምኩት። ፖሊሱ ሰው ሆነ።

ፍሪጁን ነቅዬ ሳነብ ቆይቼ መልሼ መሰካት ረሳሁ። ወተቱ ተበላሸ። እማዬ ፍሪጁ እንደማይጮህ አላወቀችም። እንዴትስ ታውቃለች...

ኅዳር 11

እማዬ ብርድ ልብሱን ገልጣ ገባች። "ከልብስ ጋር ነው እንዴ የምታወሪው?"

ከማስረዳት ማሰማት ይሻላል ብዬ ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ዓይኗ ክፍሉን መዞር ጀመረ።

"ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድነው?"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየኋት።

"ሰዓቱ ይሠራል እንዴ? ይጮሃል?"

"ሁልጊዜ ይጮሃል እማዬ።" ሳልጮህ ነው ያልኳት። ሰማችኝ።

ያለችው ነገር ቆይቶ ነው መሰለኝ የገባት። ሄድፎኑን አውልቃ ሰጠችኝ። "ሰዓቱም እንደናንተው ያጉተመትማል" ብላ ወጣች። ግን በሩ ላይ ዞር ብላ ማይኩን አየችው። ያ አስተያየት... አልወደድኩትም።

ኅዳር 13

እሑድ። ወንድሜና ሚስቱ ለምሳ መጡ። ሚስቱን "ሙሽሪት" ነው የምንላት፤ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ቁምሳጥኔ ውስጥ ማይክ የለም። ወለሉ ላይ ገመድ አየሁ። ተከተልኩት። አንዱ ጫፍ ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ገብቷል። ሌላው በእኔ ክፍል በር ሥር። ከፍቼ ብገባ እማዬ ሄድፎኑን አድርጋ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ቀይዋ መብራት በርታለች።

"እማዬ!"

"እሽሽ! እነሙሽሪት እያወሩ ነው።"

"ማን አሳየሽ ቁልፉን?"

"ሠላሳ ዓመት ስልክ ሳገናኝ ኖሬ አንድ ቁልፍ ያቅተኛል?"

እማዬ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። መስመር ነቅላ መስመር የምትሰካ። በዚያ ዘመን ሁሉ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት፦ "ታዳምጡ ነበር እንዴ?"

"መስመሩ መገናኘቱን ማረጋገጥ ግዴታችን ነበር።"

"ለስንት ደቂቃ?"

"እንደ ወሬው።"

ማስጣል ነበረብኝ። አላስጣልኳትም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ምን አሉ?" አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ምሳ ላይ እማዬ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ እያሻሸች፣ "ቀለሙ ለአንዳንድ ሰው ባይሆንም ለእኔ ተስማምቶኛል" አለች። ሙሽሪት ጉርሻዋ አፏ ላይ ቀረ። እማዬ በሄድፎኑ እንደሰማችው፣ ሻርፑ ለሙሽሪት በስጦታ የተሰጣት ነው፤ ቀለሙን ስላልወደደችው ነው ለእማዬ ያመጣችው። በሩ ላይ ስሸኛቸው ሙሽሪት ጆሮዬ ሥር፣ "እማማ ሕልም ያያሉ እንዴ?" አለችኝ። ሳቄን በሳል አሳለፍኩት።

ማታ ለእማዬ "ከእንግዲህ አይነካም፤ ሥራዬ ነው" አልኳት። "እሺ" አለች። እሺ ስትል ደስ አትልም?

ኅዳር 20

ዛሬ የሆነው መጻፍም ያሳፍራል።

ወንድሜ ሳህን እያጠበ፣ "ፊትሽ ገርጥቷል፣ ምን ሆነሻል?" አለኝ። እማዬ ምሳ በልታ ተኝታለች ብዬ... ማይኩም ቁምሳጥን ውስጥ ነው ብዬ...

"ደክሞኛል። ከእማዬ ጋር ማውራት ትቻለሁ እኮ። ምንም አልነግራትም። መጮህ አልችልም፤ ጉሮሮዬ ለንባቡ ያስፈልገኛል።"

አልኩ። በገዛ አፌ። ሽንኩርት ልወስድ ቅርጫቱን ከፈትኩ።

ማይኩ እዚያው ነበር።

ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍረው ይባላል። የቆፈርነው ለሙሽሪት ነበር። የገባሁበት እኔ።

ኅዳር 22

ማይኩ ወደ ቁምሳጥኑ ተመልሷል። ገመዱ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ። እማዬ አትቆጣም። አትሰድብም። ራት አቅርባ ወደ ክፍሏ ትገባለች። "እማዬ" ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለማንበብ ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር አንብቤ ማይኩን አጠፋሁ። ለእሷ የነፈግሁትን ድምፅ ለማን ልሰጠው ነው? ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀረው።

ኅዳር 24

ከሥራ እንደገባሁ እጇን ይዤ ወደ ክፍሌ አመጣኋት። እምቢ አላለችም። አልጋው ላይ አስቀመጥኳት፣ ሄድፎኑን አደረግሁላት፣ ቀይዋን መብራት አበራሁ። እኔ ቁምሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ልብሶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ፊቷን ባላይ ይሻላል ብዬ።

"ይቅርታ እማዬ" አልኩ። በቀስታ።

ቀጠልኩ።

"ያልኩት እውነት ነው። ግን ስላልወደድኩሽ አይደለም። አንዳንድ ነገር ተጩሆ አይነገርም።"

"ምን ዓይነት ነገር?"

ነገርኳት። ማተሚያ ቤት የሚያበሳጨኝን አለቃ። ዶሮ የሚያስፈራኝ መሆኑን። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው ላግባሽ ብሎኝ እምቢ ማለቴን፤ ለወራት ትራስ ነክሼ ማልቀሴን። በአንድ ግድግዳ ልዩነት ነው ያለቀስኩት፤ አልሰማችም።

ልብሶቹን ገለጥ አድርጌ አየኋት። እንባዋ በሄድፎኑ ሥር እየወረደ ነው።

"ያ እዚህ መጥቶ ሻይ እስኪቀርብለት የሚያፏጨው ልጅ?"

"አዎ።"

"ማፏጨቱን እንኳን በዓይኔ አይቼ ነው ያወቅሁት።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ደግ አደረግሽ። ግን ትነግሪኝ ነበር።"

"እንዴት አድርጌ?"

ራት እስኪረሳ አወራን። እኔ ቁምሳጥን ውስጥ፣ እሷ አልጋ ላይ። ሰው ቢያየን ምን ይል ነበር?

ኅዳር 28

ከሥራ ስመለስ እማዬ የለችም። የክት ቀሚሷም የለም። ደነገጥኩ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ የለችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባች። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ብቻዋን ሄዳ ነው።

"ጉልበትሽስ?"

"አትቀልጂ። ያንን ሄድፎን አንጠልጥዬ ገበያ ልወጣ አልችልም።" ሁለቱም ጆሮዋ እንደደከመ ነገሯት። ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መርጃ አስሞክረዋታል። "አንደኛውን ተውኩት፤ ቡሽ የተወተፈብኝ ነው የሚመስለው። ሁለተኛውን አዘዝኩ፤ በሳምንቱ ይደርሳል። ከኋላም ይሰማል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።"

"ምን አለሽ?"

"ለምን ፈለጉት አለኝ። ምን አገባው!"

ኅዳር 30

ምዕራፉን ላክሁ። ከምሳ በኋላ መልስ መጣ፤ "ከበርሜል ወጥተሻል። ቀጥዪ።" ማተሚያ ቤቱ መሀል ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አለቃዬ ቀና አለ። ጎንበስ አለ።

ታኅሣሥ 9

እማዬ መርጃዎቹን ካደረገች ስድስት ቀን። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ጮኸባት፤ ወረቀት፣ ውኃ፣ የራሷ ማኘክ። አሁን ለመደችው። ወንድሜና ሙሽሪት ለሐሜት ግቢ መውጣት ጀምረዋል። ብርድ ነው፤ ግን ይወጣሉ።

ዛሬ ከሥራ ተመልሼ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ። በሩ ተዘግቷል፣ ብርድ ልብሱ ተሰቅሏል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሦስተኛ ልደግም ስል በሩ ተንኳኳ።

"ደክሞሻል" አለች እማዬ ከውጭ።

ስለ ድካም ያነበብኩት ነገር የለም። ያልኩትም የለም።

"አልደከመኝም።"

"ድምፅሽ ደክሟል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ።"

"ደህና ነኝ እማዬ!"

እየሳቀች፣ "ውሸትሽም ይሰማኛል" አለች።

ማይኩን አጥፍቼ ወጣሁ።