«ንብ ክንፍ አላት» ላሉት እንደራሴያችን

ለክቡር አቶ ጌንቾ ካቫልጂኮቭ
የሕዝብ ምክር ቤት አባልና የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የኋላ ወንበር ጌጥ
ሶፊያ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ ደኅና ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ብዙ አልደከመምና። ወገብዎን ግን እንጃ። ይህን ያህል ዘመን ከአንድ ወንበር ሳይነሡ መኖር ለማንም ወገብ ቀላል ስላልሆነ ፈጣሪ ብርታቱን ያብዛልዎ። እኔ ፔንካ ሳራንዴቫ እባላለሁ፤ የጎርና ሊፓ መንደር ልብስ ሰፊ ነኝ። በምርጫው ሰሞን በመንደራችን ሱቅ ደጃፍ ላይ ጨብጠውኝ ነበር ብል ትዝ አልልዎትም፤ የዚያን ቀን ሳይጨብጡት የቀሩት የበሩን እጀታ ብቻ ነበርና።

የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው። የምክር ቤት አባላት ንግግር ለሕዝብ ክፍት መሆኑን ሰምቼ፣ በረዶው መንገድ በዘጋብን ሳምንት ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ጀምሮ ያሉትን ሁሉ ለማንበብ ተቀመጥኩ። ሻይዬ ሳይበርድ ጨረስኩት። ጊዜዬን ስላልተሻሙኝ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ይኸው ይድረስዎ፤ የቀሩትን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በውሃ ረቂቅ ሕጉ ላይ በተደረገው ክርክር፣ ባልደረቦችዎ ስለ ደረቁ ጉድጓዶቻችን እየተሟገቱ ሳሉ፣ እርስዎ እጅዎን አውጥተው «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በመስኮቱ በኩል ነፋስ እየገባ ነው» ማለትዎ ተመዝግቧል። መስኮቱም ወዲያው ተዘግቷል። ያቀረቡት ሐሳብ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀባይነት ያገኘበት ብቸኛ ቀን ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፤ ስለ ገጠር ክሊኒኮች «ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረባዬ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ» ብለዋል። ከእርስዎ በፊት የተናገሩት ሰው የእኛ ክሊኒክ ይዘጋ ያሉት ናቸው። ከእርስዎ በኋላ የተነሡት ደግሞ ይቆይ አሉ፤ እርሳቸውንም በጭብጨባ እንደ ደገፉ መዝገቡ ይናገራል። ማንንም የማያስቀይም እንደራሴ ማግኘት ለአንድ አውራጃ ትልቅ ጸጋ ነው።

ሦስተኛውን ግን እንዲህ በአጭሩ ላልፈው አልቻልኩም፤ ይታገሡኝ።

ባይ ቬልኮን ያውቁታል። ድምፁን ፈልገው በመጡ ጊዜ ትከሻውን አቅፈው እንደ ታላቅ ወንድምዎ «ባይ» እያሉ የጠሩት፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ሚስቱ የሞተችበት ንብ አናቢ ጎረቤቴ ነው። ካቻምና በግንቦት፣ የጎመን ዘሩ ማሳ በቢጫ አበባ ተጥለቅልቆ ሳለ፣ መሬቱን የተከራየው ኩባንያ ለማንም ሳይናገር በጠራራ ፀሐይ የተባይ መድኃኒት ረጨ። ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተሻግሬ ስሄድ ባይ ቬልኮ ከቀፎዎቹ ፊት ተንበርክኮ አገኘሁት። መሬቱ በሞቱ ንቦች ጠቁሯል። በሁለት እጁ እያፈሰ ያነሣቸው ነበር። «ፔንካ፣ እነዚህ እኮ ማሳው ላይ አልቀሩም» አለኝ። «ተመልሰው መጥተው ነው የሞቱት። እቤታቸው ደጃፍ።»

ሰምተው መጡ፤ ይህን አልክድም። ፎቶግራፍ አንሺም ይዘው ነበር። «ባይ ቬልኮ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሃል? ኮሚቴው ፊት አቀርብሃለሁ፤ አጠገብህ ቆሜ እናገርልሃለሁ» አሉት። ያን ጊዜ በኮሚቴው እጅ ላይ፣ መድኃኒት የሚረጭ ሁሉ ከሁለት ቀን በፊት ለንብ አናቢዎች ይንገር የሚል አንድ አጭር አንቀጽ ነበረ። ከዚያ የበለጠ የጠየቀ የለም።

ለሠርጉ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ እኔው አጠበብኩለት፤ በደኅናው ጆሮው በኩል እንድቀመጥለት ስለ ለመነኝም በባቡር አብሬው ሶፊያ ወረድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለአውራጃችን ጊዜ ሲሰጡ አስቀድመው የተነሡት እርስዎ ነበሩ። ሰብሳቢውን አመሰገኑ። የፓርቲዎን መሪ አመሰገኑ። የአውራጃችንን የሱፍ ዘይትና የጭፈራ ቡድናችንን አሞገሱ። በልጅነትዎ ሳል ሲይዝዎ እናትዎ ማር ያልሱዎት እንደ ነበር በዝርዝር ተረኩልን፤ ሳሉ እንዴት እንደ ለቀቀዎም አልቀረም። ሲቀመጡ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው «የአውራጃው ጊዜ አልቋል፤ አስረጂው በጣም ባጭሩ» አሉ።

ባይ ቬልኮ ተነሣ። ከኪሱ ትንሽ የማር ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የሞቱት ንቦች በውስጡ ነበሩ። «እነዚህ የእኔ ናቸው» አለ። «ቢነግሩኝ ኖሮ የቀፎውን በር ዘግቼ አቆያቸው ነበር።» ቀጥሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት እርስዎ ከኋላ ሆነው «ባይ ቬልኮ፣ ዘቢብ ይዘህልን መጣህ እንዴ?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ንግግርዎ ሁሉ ሲመዘን እርሷ አንደኛ ናት፤ አጭር፣ ግልጽና በሰዓቷ የደረሰች። ከማይሰማ ጆሮው በኩል ስለ ሆነች ባይ ቬልኮ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ምን አለ?» ሲለኝ የኮቱን እጅጌ አቃናሁለት። ሰዎቹ ሲስቁ አየና እሱም ፈገግ አለ። ጠርሙሱን አንሥቶ፣ ለሰብሳቢው እጅ ነሥቶ ወጣ።

በመመለሻው ባቡር «ዘቢብ ነው ያለው አይደል? ዞር ስል ከንፈሩን አይቻለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ሳቅክ፣ ባይ ቬልኮ?»

«ምን ላድርግ፣ ፔንካ? የእኛ ሰው ነው። በሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው።»

ይህን ሰው ነው የቀለዱበት፣ ክቡርነትዎ።

አራተኛውም የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው። አንቀጹ ለድምፅ ሲቀርብ ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ንብ ክንፍ አላት፤ ካልተመቻት ትሄዳለች። ባለሀብት ግን ከሄደ አይመለስም» ብለው፣ ተጨብጭቦልዎ፣ በተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። አንቀጹም በጥቂት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ፤ እኛ ግን ያን ቀን ባዶ ቦታ ብቻ አየን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግርዎ ያለ አይመስለኝም፤ ሊጠይቁ አልመጡማ። የጎረቤት መንደር ንብ አናቢዎች ለባይ ቬልኮ የንብ መንጋ አዋጥተው ሰጡት። አምና የጎመን ዘሩ ሲያብብ የኩባንያው ትራክተር ነጂ ዶብሪ በራፉ ላይ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ባይ ቬልኮ፣ ነገ ጠዋት እንረጫለን። ከእኔ እንዳልሰማህ» አለው። ያን ዓመት አንድም ቀፎ አልሞተም፤ ወሬው ግን ወጣና ዶብሪ ከሥራ ተባረረ። ሚስቱ ስቶይና እኔ ቤት መጥታ «ልጆቼን ንብ ታበላልኛለች?» ብላ አለቀሰች።

መልሱን የሰጠው መንደሩ ነው። ኩባንያው ሌላ ነጂ ፈለገ፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወገቡን ታመመ። ወገብ ከእርስዎ ተጋባብን መሰለኝ። የኩባንያው የሱፍ ማሳ በአረም ሲበላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ከሱቁ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ከእኛው ጋር ተቀመጠ። ባይ ቬልኮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ «ዶብሪን መልሰው፣ ከመርጨትህም በፊት ንገረን።» ሰውየው ግራ ገባውና ዞር ዞር ብሎ አየን። «ይኸው ነው?» አለ። «ሁለት ቀን ቀድሜ ብናገር ምን ይጎድልብኛል? እስከ ዛሬ እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ልብ ይበሉልኝ፤ እርስዎ ይሄድብናል ብለው የተንቀጠቀጡለት ባለሀብት ይህ ነው። አንድ ጊዜ ስልክ ደውለው ቢጠይቁት ኖሮ፣ ያ ሽማግሌ በሠርግ ልብሱ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ባልተሳቀበት ነበር። ዶብሪ ወደ ትራክተሩ ተመልሷል። ዛሬ ርጭት የሚሆነው ንቦቹ ከገቡ በኋላ ነው፤ ሕጉን ያወጣው አግዳሚ ወንበር ግን እንደ እርስዎ ወንበር ደመወዝ አይከፈለውም።

ስለ ዝምታዎ ከልብ የማመሰግን፣ ስለ ንግግርዎ ግን በሕይወት እስካለሁ ይቅር የማልልዎ፣ በሚመጣው ምርጫ ድምፄን ለሌላ ለመስጠት ማልጄ የምሰለፍ ታዛዥዎ፣

ፔንካ ሳራንዴቫ
ጎርና ሊፓ

ማስታወሻ፤ ትናንት ከቢሮዎ አንዲት ወጣት ደውላ፣ ለምርጫው ማስታወቂያ ከባይ ቬልኮ ቀፎዎች አጠገብ ፎቶግራፍ መነሣት እንደሚፈልጉ በትሕትና ጠየቀች። ለባይ ቬልኮ ነገርኩት። «ይምጣ፣ ደስ ይለኛል» ብሏል። ሕዝቡ መልክዎን አጥርቶ እንዲያይ ግን ያለ ንብ አናቢ ዓይነ ርግብ፣ ፊትዎን ገልጠው እንዲመጡ አደራ ይላል።